ገምጋሚውም ታካሚውም አያቴ ስለመሆናቸው

ለነርሲንግ ኮሌጁ የተማሪዎች ቅበላ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐምሌ 18
የማመልከቻ ቁጥር፦ 0417

ጉዳዩ፦ የተግባር ልምምድ ውጤቴ እንዲያዝልኝ፣ እንዲሁም ለአያቴ አንድ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ዘንድሮ የጨረስኩ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ አራት ወር የቀረኝ ተማሪ ነኝ። በኮሌጁ ለመማር አመልክቼ በሐምሌ 4 በተጻፈ ደብዳቤ ውጤቴ እንደማይያዝ ተገልጾልኛል። ደብዳቤው አጭር ነው። ያስከተለው ነገር ግን አጭር ስላልሆነ አቤቱታዬ ቢረዝም ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

1. ኮሌጁ ከዋናው በር በስተግራ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ “ነርስ ለመሆን ለሚያስቡ ወጣት ተማሪዎች የተሰጠ ምክር” የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዝናብ ሳያጠፋው በፊት በእጄ ገልብጬ ወስጃለሁ። ምክሩ አምስት ነጥብ አለው። አምስቱንም ፈጽሜያለሁ።

2. ባዮሎጂ፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ በርትቶ ማጥናት የሚለውን በተመለከተ፣ በባዮሎጂ 91፣ በሒሳብ 78 አግኝቻለሁ። ኬሚስትሪው 64 ነው። በዚያ ሰሞን የነበረውን ሁኔታ በተራ ቁጥር 6 ስለማስረዳ እዚያ እንዲመለከቱልኝ እጠይቃለሁ።

3. የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መውሰድ የሚለውን በተመለከተ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀቱን አያይዣለሁ። የተለማመድነው ከወገቧ በታች በሌላት አሻንጉሊት ላይ ነው። አሥራ ስድስት ሆነን በየተራ ስናድናት ውለናል። ሥልጠናውን ከጨረስኩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የታነቀ ሰው የለም። ሆኖም ወንድሜ ምሳ ሲበላ ባሳለ ቁጥር ከጀርባው ስለምቆም አሁን ለብቻው ይበላል።

በጤና ተቋም በበጎ ፈቃድ ማገልገል የሚለውን ደግሞ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሁለት ክረምት ፈጽሜያለሁ። ዕድሜዬ ስላልደረሰ በሽተኛ እንዳልነካ ተነግሮኝ ካርድ ክፍል ተመደብኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ካርድ መለስኩ። የክፍሉ ኃላፊ “ልጄ፣ ትልቁ ሕክምና ካርዱን ማግኘት ነው፤ የቀረውን ሐኪሞቹ ይጨርሱታል” ይሉኝ ነበር። ሰውን በትዕግሥት ማዳመጥ የሚለውን አራተኛ ነጥብ የተማርኩትም እዚያው መስኮት ላይ ነው። ካርዱ የጠፋበት ሰው የሚናገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከተናገሩት ውስጥ እዚህ ልጽፈው የምችለው ጥቂት ነው።

4. አምስተኛው ነጥብ የአሁኑ ክርክር መነሻ ነው። “ከአሥር ዓመት ያላነሰ ልምድና የጸና የሙያ ፈቃድ ባለው ነርስ ሥር የ120 ሰዓት የእንክብካቤ ልምምድ አድርጎ፣ በኮሌጁ መገምገሚያ ቅጽ ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ ማግኘት” ይላል።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የሠሩ ነርስ ናቸው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ጠያቂ፣ መጀመሪያ የሚሰማው፣ ይታጠቡ ለማለት፣ “እጅዎን” የሚለውን የእርሳቸውን ቃል ስለነበር “አቶ እጅዎን” የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ጎረቤቶቻችን ዛሬም በዚሁ ይጠሯቸዋል። እርሳቸውም አቤት ይላሉ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። አንደበታቸውም ቀኝ እጃቸውም ደኅና ነው። ከአልጋ አይወርዱም፤ ራሳቸውን ማገላበጥም አይችሉም። የሙያ ፈቃዳቸውን ግን ባለፈው ዓመት ተኝተው አሳድሰዋል። “የሥራ ቦታ” ለሚለው ጥያቄ “መኝታ ክፍል” ብለው ሞልተው ፈቃዱ ታድሶ መጥቷል። ኮፒው ተያይዟል።

እናቴ ልብስ ስፌት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ትሠራለች። ወንድሜ ጎሚስታ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ አያቴን የማጥበው፣ የምመግበው፣ በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጠውና ደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነኝ። የኮሌጁ ቅጽ ሲመጣ አያቴ መነጽሬን አምጪ አሉ። ገምጋሚ በሚለው መስመር የራሳቸውን ስም ጻፉ። ታካሚ በሚለው መስመርም የራሳቸውን ስም ጻፉ። እኔ በዚያ ሰዓት ምንም ነገር ቅር አላለኝም።

5. የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ “ለዘመድ የማድላት ዕድል ስላለ” ይላል። ይህን ቃል ለአያቴ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እናቴ ከጓዳ ስትስቅ ተሰምታለች። እናቴ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስትስቅ የሰማኋት ከስንት አንዴ ነው።

የሰጡኝ ውጤት 71 ነው። የምዝገባ ክፍሉ ሠራተኛ እንደነገሩኝ ዘንድሮ ቅጽ ካስገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ይህ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው 88 አግኝቷል። በርግጥ የሠራሁት 214 ሰዓት ሲሆን፣ አያቴ እርሳቸው እያንቀላፉ የሠራሁትን አልቆጥርም ስላሉ 120ው ብቻ ነው የተመዘገበው። ሃያ ዘጠኙ ነጥብ የተቀነሰው እንደሚከተለው ነው። የልብ ምት ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ቆጥሬ በሁለት ስላባዛሁ 4 ነጥብ። ቴርሞሜትር አፋቸው ውስጥ እያለ ምሳ ምን ይሁን ብዬ ስለ ጠየቅኋቸው 3 ነጥብ። በጥፍሬ ርዝመት 2 ነጥብ። እጄን አሥራ ሁለት ሰከንድ ብቻ ስለ ታጠብኩ 5 ነጥብ፤ ቧንቧው ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ የውሃውን ድምፅ እየሰሙ ይቆጥራሉ። የቀረውን 15 ነጥብ ለብቻው ማስረዳት አለብኝ።

6. የኬሚስትሪ ፈተና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው አያቴን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በቀኝ ጎናቸው አስተኛኋቸው። በስምንት ሰዓት ወደ ግራ ማዞር ነበረብኝ። አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ደብተሬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አሥር ሰዓት ሆኗል። ቶሎ አዞርኳቸው። ከዚያም መከታተያ ደብተሩ ላይ “8 ሰዓት፦ ወደ ግራ ዞረዋል” ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ በዚያ ቀን በጣም ያማረ ነበር።

እራት ሳይቀርብ አያቴ ደብተሩን አምጪ አሉኝ። አንብበው ሲጨርሱ “በስምንት ሰዓት ወደ ግራ ዞሬያለሁ?” ብለው ጠየቁኝ። “አዎ አባባ” አልኩ። “ታዲያ እኔ የት ሄጄ ነው ያላየሁት?” አሉ። አልተቆጡም። ቅጹን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው በቀኝ እጃቸው 15 ቀነሱ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም “ያልሠራችውን ጻፈች” ብለው ሞሉ። አለቀስኩ። “አልቅሺ፣ ምንም አይደል። ስትጨርሺ ግን ፊትሽን ነክተሻልና እጅሽን ታጠቢ” አሉኝ።

በማግስቱ ቀኝ ዳሌያቸው ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ጠፋ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ስላልነበረኝ ፈተናውን የተፈተንኩት እንደምንም ነው። የኬሚስትሪው ጉዳይ ይኸው ነው።

7. የተከበሩ ኃላፊ፣ ያልሆነ ነገር ጽፌ አሥራ አምስት ነጥብ ስለሄደብኝ የሚከተለውንም ለመደበቅ አልደፍርም። የሐምሌ 4ቱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ኮሌጁ አዳሪ ነው። ካለፍኩ አያቴን ማን ያገላብጣቸዋል እያልኩ ካመለከትኩ ጀምሮ ሳስብ ነበር። “አይያዝም” የሚለውን ሳነብ ትከሻዬ ቀለለኝ። ደስታው የቆየው እስከ ምሳ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ተመልሼ ዕድሜዬን ሙሉ ካርድ ስመልስ ታየኝና አፍሬ ተነሣሁ። አያቴ ለካ ስለ አዳሪው ጉዳይ ከእኔ ቀድመው አስበዋል፤ እኔን ሳያማክሩ ወንድሜን በዚያው ቅጽ ሲያሠለጥኑት ከርመዋል። ወንድሜ እስካሁን 41 ላይ ነው። አያቴን ሲያዞራቸው ሙያው ይታወቅበታል፤ አንድ ቀን እንደ ጨረሰ ከጎናቸው መታ መታ አድርጎ ነፋሱን የሚያይ መስሎ ነበር።

8. በማግስቱ ወደ ምዝገባ ክፍል መጥቼ ምን ባደርግ እንደሚሻል ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ መልካም ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተውኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የእኔ እህት፣ ታካሚ የሚለው ላይ የሌላ ሰው ስም ብትጽፊ ኖሮ እኮ ማን ያይሽ ነበር” አሉኝ። ለክስ አይደለም የምጽፈው፤ እርሳቸው ያዘኑልኝ ስለመሰለኝ ነው። ይህንኑ ለአያቴ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን አምጪልኝ አሉ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ነገሩን ሰምተው መጡና “ምን ችግር አለ፣ እኔ ልታመምልሽ” አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ይሁን እንጂ ከእኔ ይበልጥ ፈጥነው ደረጃ ይወጣሉ። አያቴ ካልጋቸው ሆነው “በጤነኛ ሰው ላይ አልገመግምም” ብለው መለሷቸው። ሁለቱ በዚህ ምክንያት ለሁለት ቀን ተኳርፈው ነበር።

9. አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። አያቴ የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ራሳቸው ይዘው ማኅተሙን በመነጽር አዩ። “ገምጋሚና ታካሚ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም። አመልካቿ ሁለቱን ለይታ እስክታቀርብ ድረስ ውጤቱ አይያዝም” ይላል። ይቃወማሉ ብዬ ስጠብቅ “ልክ ናቸው። እኔም ብሆን ይህን ወረቀት አልቀበልም ነበር። እንዴት ዘነጋሁት” አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጽሑፍና በማኅተም የመጣ ትእዛዝ ሲፈጽሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በቃል የሚታዘዝ መድኃኒት ሰጥተው አያውቁም፤ በጽሑፍ የታዘዘውን ደግሞ ሳይሰጡ ቀርተው አያውቁም።

በዚያው ዕለት ውሳኔያቸውን አሳወቁን። “ሁለቱን ለዩ ተብለናል። ከዛሬ ጀምሮ ገምጋሚሽ ነኝ፤ ታካሚሽ አይደለሁም” አሉኝ። እኔ እንዳልነካቸው ከለከሉ። ይህ ከሆነ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በስምንት ሰዓት ላዞራቸው ስቀርብ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ። እናቴ ለምናቸዋለች፣ ተቆጥታቸዋለችም። “ልጅቷ በእኔ ጦስ ትቅር?” ነው መልሳቸው። ይህ ደብዳቤው ያላለው መሆኑን፣ ጽሕፈት ቤቱ ሕመማቸውን እንዲተዉ እንዳልጠየቀ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። “ተለይታችሁ ቅረቡ ይላል፤ አንብቢው” ይሉኛል። አነባለሁ። እንደዚያ ይላል።

10. በአሁኑ ሰዓት እናቴ ጠዋት ከመውጣቷ በፊትና ማታ ስትመለስ ታገላብጣቸዋለች። ወንድሜ በስድስት ሰዓት ብቅ ይላል፤ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቶ ሁለት ቀን ሙሉ አብሯቸው ውሏል፤ ደንበኞቹ ከዚያ በላይ አልታገሡትም። በቀረው ሰዓት እኔ በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ምግብ በሳሕን አድርጌ በቀኝ በኩል አስቀምጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል፤ አስተናጋጅም ያደርገዋል ብለው።

ሲያንቀላፉ ለምን አታዞሪያቸውም የሚል ሰው ይኖራል። ወንድሜ ብሎኛል። ላደርገው ሁለት ጊዜ አልጋው ጫፍ ደርሻለሁ። ታካሚ እኔን አትንኪ ካለ እንደማይነካ፣ ተኝቷል ተብሎም እንደማይሰረቅ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ብነካቸው ያስተማሩኝን ሁሉ አፈርሳለሁ። ባልነካቸው የሚሆነውን ደግሞ በዓይኔ እያየሁት ነው። የሁለቱን ክብደት ለመለካት በየትኛውም ትምህርት ያገኘሁት ነጥብ አልረዳኝም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ስታጥባቸው ከወገባቸው በታች ያለው አጥንት ላይ ቆዳቸው መቅላቱን ነገረችኝ። በጣቷ ስትጫነው ነጣ ይል እንደሆነ ጠየቅኋት። አልነጣም። ትናንት ቆዳው ተከፍቷል። ስፋቱ የሸሚዝ አዝራር ያህላል። እናቴ ባትሪ ይዛ ሳለች እኔ ከበሩ ሆኜ አየሁት። አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ “ደረጃው ስንት ነው?” አሉኝ። “ሁለት” አልኩ። “በምን አወቅሽ?” አሉ። የላይኛው ቆዳ መላጡን፣ ጥልቀት እንደሌለው፣ ዙሪያው ቀይ መሆኑን፣ መግል እንደማይታይ ነገርኳቸው። “ትክክል” ብለው ብዕር ጠየቁና ከቅጹ ጀርባ ላይ ሁለት ነጥብ ጨመሩልኝ። አሁን 73 ሆኛለሁ። ይህን ሁለት ነጥብ አልፈልገውም፤ እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ።

እንዲህ ያለ ቁስል ካልታከመ የት እንደሚደርስ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። እርሳቸውም ያውቃሉ። በሥራ ዘመናቸው ሙሉ ክፍላቸው ውስጥ አንድም የአልጋ ቁስል እንዳልወጣ ይናገሩ ነበር። ከትናንት ወዲህ ይህን መናገር ትተዋል።

ስለሆነም ከዚህ በታች ያሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ. የ71 ነጥብ ውጤቴ ባለበት እንዲያዝልኝ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ኮሌጁ የመረጠው ገምጋሚ ቤታችን ድረስ መጥቶ አያቴን በታካሚነት ብቻ አድርጎ እኔን እንዲፈትነኝ። የምዝገባው ጊዜ የሚያበቃው ሐምሌ 30 ነው። ገምጋሚው ወደ መኝታ ክፍሉ ሲገባ አያቴ ስለ እጁ ሊጠይቁት ስለሚችሉ እንዳይቀየምብን አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው።

ለ. ለአያቴ በስማቸው ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ። ረጅም እንዲሆን አልጠይቅም። “ታካሚ ሆነው መቀጠልዎን ጽሕፈት ቤቱ አይቃወምም፤ የልጅ ልጅዎ ልትንከባከብዎ ትችላለች” የሚል ይበቃል። ማኅተሙ ደማቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ደብዘዝ ያለ ማኅተም አይቀበሉም።

በደንቡ መሠረት አንድ አመልካች በአንድ አቤቱታ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ አይችልም ከተባለ “ሀ” ይሰረዝ። አያቴ ይህን መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ ነጥብ ይቀንሱብኛል። ለከርሞ እንደገና ማመልከት እችላለሁ፤ ምክሩንም ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሬ ልፈጽመው ዝግጁ ነኝ። ደብዳቤውን ለመውሰድ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጫለሁ። “ሀ” እስከ ሐምሌ 30 ሊጠብቅ ይችላል። “ለ” ግን አይጠብቅም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር አቤት እላለሁ፣

(ፊርማ)
የማመልከቻ ቁጥር 0417 አመልካች
ስሜና አድራሻዬ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ተሞልቷል

አባሪ፦ የኮሌጁ ምክር በእጅ የተገለበጠ 1 ገጽ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ምስክር ወረቀት 1 ገጽ፤ የሙያ ፈቃድ ኮፒ 1 ገጽ፤ መገምገሚያ ቅጽ 2 ገጽ፤ መከታተያ ደብተር 1፣ የስምንት ሰዓቱ መስመር ሳይሰረዝ